ከፋሲካ ወዲህ አልጮኸም

ሚስቴ «ያንተ ነገር ጫጉላ ብቻ ነው» ትለኛለች። ስለ ትዳራችን ማለቷ አይደለም፤ እሱን በሌላ ቀን ታነሣዋለች። የምታወራው ላፕቶፔ ውስጥ ስላሉት ፕሮግራሞች ነው። እኔ በሙያዬ ፕሮግራመር አይደለሁም። ፕሊማውዝ በምትባል ከተማ የሕክምና ዕቃ የሚገጣጠምበት ፋብሪካ ውስጥ የቀን ሺፍት እሠራለሁ። ኮድ መጻፍ ከቪዲዮ እያየሁ ለራሴ የተማርኩት፣ ሌላው ሰው ኳስ እንደሚወደው የምወደው ነገር ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሣ መስኮቱ ሥር ቁጭ እላለሁ። አዲስ ነገር ስጀምር ያየኝ ሰው ይቀናብኛል። አይርበኝም፣ ሲጠሩኝ አልሰማም፣ ሻወር ውስጥ ብቻዬን እስቃለሁ። ከዚያ አንድ ቀን፣ መቼ እንደሆነ እንኳ ሳላውቀው፣ ያ ሁሉ ጥፍት ይላል።

ጀምሬ የተውኳቸው ብዙ ናቸው። በረዶ ሲወርድ መኪና የማይቆምበትን የመንገድ ወገን የሚነግር አንድ ነበረኝ፤ በመጀመሪያው ክረምት ሠራ፣ በሁለተኛው ክረምት የራሴን መኪና ጎትተው ወሰዱብኝ። ሌክ ስትሪት ላይ ቅመም ለሚሸጥ ጓደኛዬ ዕቃውን የሚመዘግብለት ጀመርኩ፤ በርበሬና ሽሮ ላይ ደርሼ ተውኩት፣ ኮረሪማ የሚባል ነገር እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጄ ፊደል እንድትለይበት የሠራሁት ጨዋታ ደግሞ «ሠ» ላይ ቆሟል። ልጄም እዚያው ላይ ቆመች፤ አሁን በአማርኛ ስጠይቃት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች።

እነዚህ ሲሞቱ ማንም አልተጎዳም። ተሳሳቅንባቸው፣ አለፈ። አሁን የምጽፈው ግን ሰው ነፍሱን አምኖ ስላስቀመጠበት ስለ አንዱ ነው።

አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ ሴንት ፖል ብቻዋን ትኖራለች። ከአራት ጓደኞቿ ጋር ማኅበር ይጠጣሉ። አምስቱም ዕድሜያቸው የገፋ ነው፣ አምስቱም ብቻቸውን ይኖራሉ፣ ልጆቻቸው ወይ ሥራ ላይ ናቸው ወይ ሌላ ስቴት። አንድ ክረምት አብራቸው የምታስቀድስ ሴትዮ አፓርትመንቷ ውስጥ ሞታ በአራተኛው ቀን ተገኘች። ከቀብሯ ሲመለሱ መኪና ውስጥ ተማማሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት አክስቴ ለአንዷ ትደውላለች፣ እሷ ለቀጣይዋ፣ እንዲህ እያለ ይዞርና የመጨረሻዋ ለአክስቴ ትደውላለች። ስልኩ ዞሮ አክስቴ ጋ ከደረሰ አምስቱም በሰላም አድረዋል ማለት ነው።

ችግሩ፣ አንዷ ሕልሟን ሳትናገር ስልክ አትዘጋም፤ ሌላዋ ጉልበቷን፣ ጉልበቷ ሲያልቅ የልጇን ባል። ዙሩ ሳያልቅ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። «ጆሮዬ ተቃጠለ» አለችኝ አክስቴ። «አንተ ያንን ኮምፒውተር ቀን ከሌት የምትነካካው ለምን ይጠቅማል ብለህ ነው? አንድ ነገር አታበጅልንም?»

አበጀሁላቸው። ስልካቸው ላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አስቀመጥኩ፤ በላዩ ላይ «አድሬአለሁ» ይላል። ጠዋት ሲነሡ ይነኩታል። እስከ አራት ሰዓት ያልነካች ካለች የእኔም የአክስቴም ስልክ ይጮኻል፣ ያልነካችዋንም በስም ይጠራል። አምስቱም ከነኩ ዝም ይላል። ዝም ካለ ደህና ናቸው ማለት ነው። ይቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ እኔ ያኔ ልብ አላልኳትም።

ከአምስቱ አንዷ ሮዝቪል የሚኖሩት እትዬ ናቸው። እትዬ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም። እዚህ አገር ስመጣ ሰባት ወር ሶፋቸው ላይ አስተኝተውኛል፤ የመጀመሪያውን የክረምት ጃኬቴን የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። ቢሮ እያጸዱ አንዲት ልጅ አሳድገዋል፤ እሷ አሁን ሌላ ስቴት ነርስ ናት። እትዬ አፋቸው ስለታም ነው። ልጃቸው፣ ብትወድቂ እርዳታ ትጠሪበታለሽ ብላ አንገት ላይ የሚንጠለጠል መሣሪያ ልካላቸው ነበር፤ «ከብት ነኝ ቃጭል የምታስሪልኝ?» ብለው በፖስታ መለሱላት። የእኔን ቁልፍ ሳሳያቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው በደንብ አዩት።

«እንግዲህ ይህን ካልነካሁ ሞቻለሁ ማለት ነው?»

«ኧረ እትዬ፣ እንዴት እንደሆኑ መጥቼ አያለሁ ማለት ነው።»

«ትመጣለህ?»

«እመጣለሁ።»

«እሺ፤ እንግዲያው ያለ ሐሳብ እወድቃለሁ» አሉና ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ለልጃቸው ደውለው ቃጭሉ እንዳይላክ፣ ሰው እንዳላቸው ነገሯት። ይህን የሰማሁት እዚያው አጠገባቸው ተቀምጬ ነው። ደረቴ ተነፋ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ነገሩን እንደ ሕፃን ተንከባከብኩት። ቁርሴን ሳልበላ የሁሉም ስም የሚታይበትን ገጽ ከፍቼ አምስቱን መስመር አያለሁ፤ አንድ በአንድ አረንጓዴ ሲሆኑ ሆዴ ይሞቃል። የዕለቱን ቅዱስ ስም ጨመርኩበት፣ በግእዝ ቁጥር ቀኑን ጻፍኩበት፣ ሲነኩት ደወል የሚመስል ድምፅ አደረግሁበት። ማንም የጠየቀኝ አልነበረም። ሥራ ላይ ዕቃ እየገጣጠምኩ በሐሳቤ ኮድ እጽፋለሁ። አክስቴ ማኅበር ላይ «የእህቴ ልጅ» እያለች አስመረቀችኝ፤ ሴቶቹ እጄን ይዘው መረቁኝ። የስልኩ ዙር ያን ጊዜ ቀረ። ለምን ይደዋወሉ? ማሽኑ አለ።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። እንደ እኔ ለራሳቸው ኮድ የሚጽፉ ጥቂት የአበሻ ወንዶች በስልክ የምንነጋገርበት ግሩፕ አለን፤ አንዱ ፕሮጀክቱን ሲተው ሁልጊዜ «ጊዜ አጣሁ» ይላል። እኔም እላለሁ። ውሸት ነው። ጊዜ አላጣሁም። አዲስ ለመጀመር ጊዜ አግኝቼ የለ እንዴ? ነገሩ ሲያቅተኝ ነው የምወደው። ማሽኑ እምቢ እያለ፣ እኔ እየለመንኩት፣ አንድ ጠዋት ድንገት እሺ ሲለኝ፣ ያቺን ደቂቃ ነው የምወዳት። ማሽኑ እሺ ካለ በኋላ የሚቀረኝ ሰው ነው። ሰው ደግሞ አያልቅም። «ፊደሉ አነሰብኝ»፣ «የልጅ ልጄ ነካክታ አጠፋችው»፣ «ስልክ ቀየርኩ፣ ያንተ ነገር የት ሄደ?» ይሉኛል። ይህን ማስተካከል ሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ፕሊማውዝ አለኝ። ስለዚህ ፕሮጀክት የሚሞትብኝ ሲበላሽ አይደለም፣ ሲሠራ ነው። መሥራት በጀመረበት ቀን እኔ ሄጃለሁ፤ ሰዎቹ ግን ገና መምጣታቸው ነው።

ገጹን መክፈት መጀመሪያ በሁለት ቀን አንዴ ሆነ፣ ከዚያ በሳምንት። ካልጮኸ ምን አስጨነቀኝ አልኩ። ሲጮኽም ደግሞ ከንቱ ነው፤ አንዷ ረስታ፣ አንዷ ስልኳን ሶፋ ሥር ጥላ። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ ሎከር ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፤ እኔ ግን ለዚሁ ብዬ ደብቄ ኪሴ እይዛለሁ። በጮኸ ቁጥር ሱፐርቫይዘሬ ቀና ብሎ ያየኛል። ከዚያ ፍቅር አልቆ ንዴት መጣ። በገዛ እጄ የሠራሁትን ነገር ጠላሁት፤ ልክ ነው፣ ጠላሁት፣ ሌላ ቃል የለውም።

እንዲህ እያለን ሰሙነ ሕማማት ገባ። ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስልኬ አራት ጊዜ ተከታትሎ ጮኸ። ከአክስቴ በቀር አንዳቸውም አልነኩም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ መጀመሪያ ለእትዬ ደወልኩ። ቤተ ክርስቲያን ነበሩ፤ ወጥተው አነሡልኝ።

«በሕማማት ሰላምታ እንደሌለ አታውቅም?» አሉኝ በሹክሹክታ። «ይሁዳ ጌታን የሸጠው በሰላምታ ነው። ያንተ ቁልፍ እንዴት አደርሽ ይለኛል፣ እኔ አድሬአለሁ እላለሁ። ይኼ ሰላምታ ካልሆነ ምንድን ነው? አልነካም።»

ሌሎቹ ሦስቱም እሳቸውን ሰምተው ነው እምቢ ያሉት። አክስቴ ስደውልላት ተናደደች። «የቀረው መሳሳምና መጨባበጥ ነው እንጂ ስልክ መንካት ማን ከለከለ? ያቺ ሴትዮ ከቄሱም ትብሳለች» አለች። በማግስቱ ግን እሷም አልነካችም፤ አምስት ጊዜ ጮኸ። ሱፐርቫይዘሬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ።

ምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ኮዱ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ። ያልነካች ብትኖርም ለማንም እንዳይደውል የሚል አንድ መስመር ነው። ለእትዬ ደወልኩና እስከ ፋሲካ እንዳይጮኽ እንዳደረግሁት ነገርኳቸው። ሁሉም ሳምንቱን ሙሉ ስግደት ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሰው ቢጎድል እዚያው ይታያል። ክፋት አልነበረውም።

«ከፋሲካ በኋላስ?» አሉኝ።

«እመልሰዋለሁ።»

«እንዳትረሳ።»

«እሺ እትዬ።»

ፋሲካ እሑድ ተኛን፣ በላን፣ ዘመድ መጣ። በቅዳሜው ጩኸቱን ልመልስ ብዬ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ላፕቶፑን ስከፍት ግን ከሳምንት በፊት በዓል ላይ ወንዶቹ ስለ ገበጣ ያወሩት ትዝ አለኝ። ገበጣ በስልክ ለምን አይኖርም? አንዱ ሴንት ፖል፣ አንዱ አዲስ አበባ ሆኖ ለምን አይጫወትም? አንዴ ጉድጓዶቹን ልሳል አልኩ። ቀና ስል ልጄ ምሳዋን እየበላች ነበር። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ እንደገና ሰው ሆንኩ። ያቺን መስመር ማጥፋት አንድ ደቂቃ አይፈጅም፣ ነገ አደርገዋለሁ አልኩ። አንድ ደቂቃ ስለማይፈጅ ነው የቆየው። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ኖሮ ቀጠሮ እሰጠው ነበር።

ሴቶቹ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ መንካት ቀጠሉ። ቁልፉ እንደ ወትሮው ደወሉን ያሰማቸዋል፣ የዕለቱን ቅዱስ ያሳያቸዋል። በእነሱ በኩል የተለወጠ ነገር የለም። ማን ነካ፣ ማን አልነካም፣ ሰርቨሩ፣ መዝገቡን የሚይዘው ኮምፒውተር፣ አንድም ሳይስት ይመዘግባል። ግን ለማንም አይናገርም።

ሐምሌ አካባቢ አክስቴ ቤት ምሳ ጋበዘችን። እጄን እያስታጠበችኝ፣ «ያንተ ነገር ከፋሲካ ወዲህ አንዴም አልጮኸም» አለችኝ። «ሁሉም ጎበዝ ሆኑ። ያቺ ረሺዋ እንኳ ለመደች።»

ደንገጥ አልኩ። እውነቱን ልናገር፤ ያቺ ረሺዋ እንደማትለምድ አውቃለሁ። ሦስት ወር ሙሉ አምስት ሴቶች አንድም ቀን ሳይረሱ አይቀሩም። ቤት ስሄድ አየዋለሁ ብዬ ፎጣውን ተቀበልኳት። ቤት ስደርስ ላፕቶፑ ላይ ገበጣው ተከፍቶ ነበር፤ ጠጠሮቹ ወደ ቀኝ ብቻ እየዞሩ አስቸግረውኝ ነበር፤ እነሱን ሳስተካክል መሸ። ሰው ረሳሁ ሲል አላምነውም ከዚያ ወዲህ። እኔ አልረሳሁም። እያወቅሁ አላየሁም።

ነሐሴ አለፈ፣ አዲስ ዓመት አለፈ። ገበጣውም ተሰለቸ። ዛፉ ሁሉ ረገፈ፤ ኖቬምበር መጣና የመጀመሪያው በረዶ ሣሩ ላይ ጣል ጣል አለ።

አንድ ሐሙስ ምሳ ብሬክ ላይ አክስቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ ውስጥ ምንም ጭንቀት የለም። የማኅበሩን ድግስ ለመነጋገር ከትናንት ጀምሮ ለሮዝቪሏ ብትደውል አላነሣ እንዳለቻት ነገረችኝ። «ግን ያንተ ነገር ዝም ስላለ ደህና ናት» አለች። «ይሄኔ ስልኳን አንድ ቦታ ጥላው ይሆናል። ያንተ ባይኖር እኮ እጨነቅ ነበር።»

እሺ ብያት ዘጋሁና ገጹን በስልኬ ከፈትኩ። የይለፍ ቃሉ ጠፍቶኝ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ሲከፈት አራት መስመር አረንጓዴ ነው። አምስተኛው ግራጫ። በመጨረሻ የነኩት ሰኞ ጠዋት ነው፤ ማክሰኞ ባዶ፣ ረቡዕ ባዶ፣ ሐሙስ ባዶ። አጠገቡ በቀይ «አልነካችም» ሦስት ጊዜ ተጽፏል። የእኔ ማሽን ሦስቱንም ቀን በሰዓቱ አውቆታል።

ሱፐርቫይዘሬን ሳላስፈቅድ ወጣሁ። ለምን አምቡላንስ እንዲመጣ 911 አልደወልክም ትሉኝ ይሆናል። አክስቴም ኋላ ጠይቃኛለች፤ «ደንግጬ» አልኳት። ደንግጬ አይደለም። ሌላ ሰው ቀድሞ ገብቶ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንዳይጠይቅ ነው። መጀመሪያ እኔ ልድረስ አልኩ። በ694 አውራ ጎዳና ስነዳ ይህን አስብ እንደነበር በደንብ አስታውሳለሁ። መጥረጊያው በረዶውን ሲጠርግ፣ እኔ ምን ብዬ እንደማስረዳ ቃላት እመርጥ ነበር።

የሕንፃው ኃላፊ፣ አንዲት ጎልማሳ ሴትዮ፣ የቁልፍ ዘለላ ይዛ ከፊቴ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች። በሩ ሲከፈት መኝታ ቤት ውስጥ ስልክ ይጮኻል። አክስቴ ናት፤ የማኅበሩን ድግስ ልትነጋገር። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቷል። እትዬ ወለሉ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል፣ ከመስቀያው የጎተቱትን ፎጣ ለብሰዋል። ከራሳቸው አጠገብ ሁላችንም ሽንት ቤት የምናስቀምጣት ዓይነት የፕላስቲክ ጆግ ባዶዋን ወድቃለች። ዓይናቸው ተከፍቷል።

«መጣህ» አሉኝ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም ነበር።

ዳሌያቸው ተሰብሯል። ኩላሊታቸው ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ሐኪሙ ውኃ ከየት አገኙ ብሎ ሲጠይቅ ስለ ጆጓ ነገርኩት፤ እንግዳ ነገር እንደሰማ አየኝ። ኦፕሬሽን እስኪገቡ ድረስ ሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ያቺን መስመር አጠፋሁ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

በማግስቱ አክስቴና ሦስቱ ሴቶች መጡ። አክስቴ ለነርሷም፣ ለጎን በሽተኛዋም፣ በስልክ ለእትዬ ልጅም ተናገረች። «የእህቴ ልጅ መሣሪያ ነው ያገኛት። እሱ ባይኖር ሞታ ነበር የምናገኛት» ትላለች። ሴቶቹ ጉንጬን ሳሙኝ። አንዷ አለቀሰች። እኔ ቆሜ እሳማለሁ። እትዬ ትራሳቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ማንንም አላረሙም።

ሴቶቹ ሲወጡ በሩን ዝጋው አሉኝ።

«ማክሰኞ ሊነጋጋ ሲል ነው የወደቅኩት» አሉ። «አንድ ጫማዬ ቀርቦኝ ነበር። ግድግዳውን ልደበድብ አነሣሁት። ኋላ ምን ጎረቤት አስደነግጣለሁ፣ አራት ሰዓት ሲሆን ልጁ ይመጣል ብዬ አስቀመጥኩት። ፎቁ ላይ ያሉት ልጆች ትምህርት ቤት ሄዱ፣ ፀሐይዋ በሩ ጋ ደረሰች፣ ሰዓቱ አለፈ። መንገድ ይዞት ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ጫማውን የማነሣበት ክንድ አልነበረኝም።»

የወረደውን ብርድ ልብስ ወደ ላይ ሳብኩላቸው።

«ሦስት ጊዜ አራት ሰዓት ሆነ» አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ከፋሲካ በኋላ አልመለስከውም፣ አይደል?» አሉኝ።

«አልመለስኩትም።»

ምን ያዘህ አላሉኝም። ቢሉኝ ምን እመልስ ነበር? ሰለቸኝ እላቸው ነበር? ጠጠር እያዞርኩ ነበር እላቸው ነበር? ጣራውን እያዩ፣ ለአክስቴ እንዳልነግራት አዘዙኝ። «እኔ ግን ከእንግዲህ ቁልፍ አልነካም» አሉ። «አንተ ትደውላለህ። ጠዋት ጠዋት። አንተ ራስህ። ልጄ ያንን ቃጭል እንደገና ልላክ ብላ ነበር፣ ልጁ ይደውልልኛል ብያታለሁ።»

በዲሴምበር ከማገገሚያው ወጥተው ቤታቸው ገቡ፤ ዎከር ተደግፈው ይሄዳሉ። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ብሬክ ስወጣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እደውላለሁ። የመጀመሪያው ወር ብሬኬን ሙሉ አወራኋቸው። ምን እንደሚጠይቁኝ እየገመትኩ እዘጋጅ ነበር፤ የማስቃቸው ወሬ ሲገኝ እጽፈው ነበር። ቅዳሜና እሑድ እንኳ ሦስት ሰዓትን በጉጉት እጠብቃለሁ። ሚስቴ ይህን አይታ ምንም አላለችም። እሷ ዝም ስትል አልወድም።

በሁለተኛው ወር ጥሪው አጠረ። በሦስተኛው፣ እያወራኋቸው በሌላ እጄ ዜና አነባለሁ። አንድ ቀን በአራት ሰዓት ደወልኩ፣ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ። ባለፈው ሳምንት ሚስቴ ባታስታውሰኝ ኖሮ ማክሰኞ ያልፈኝ ነበር። ስደውል በመጀመሪያው ጥሪ አነሡት። ስልኩን ይዘው ሲጠብቁ እንደነበር ገባኝ። ምልክቶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻቸዋለሁ። ሲመጣብኝ ይታየኛል፣ ላቆመው ግን አልችልም። እሳቸውን እወዳቸዋለሁ። ነገሩ በመውደድ የሚቆም ቢሆን ኖሮ እኮ መጀመሪያም አይወድቁም ነበር።

ይህን የምጽፈው ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት፣ መስኮቱ ሥር ሆኜ ነው። ከትንሽ ጊዜ በፊት ደውዬላቸው ነበር።

«ነገ ሆሳዕና ነው» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ከሰኞ ጀምሮ ሰላምታ የለም።»

ስድስት ጠዋት አረፍኩ አልኩ በሆዴ። ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እንደ ተማሪ ዕረፍት ደስ አለኝ።

«ዝም አልክ» አሉ።

«ኧረ እየሰማሁ ነው።»

«ሰላም አትበለኝ። ግን ደውል። ስልኩ ሲጮኽ አንሥቼ እዘጋዋለሁ፣ እኔም አልናገርም፣ አንተም አትናገር። እንዳለህ አውቃለሁ፣ እንዳለሁ ታውቃለህ።»

«እሺ እትዬ።»

«ከፋሲካ በኋላም።»

«እሺ።»

ስልኩን አስቀመጥኩ። ስልኩ ሲጮኽ ያነሣሉ፣ ይዘጋሉ። ማንም አይናገርም። ማንም የማይናገር ከሆነ ደግሞ የሚደውለው የግድ ሰው መሆን የለበትም። በየጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ከእኔ ቁጥር በራሱ የሚደውል ነገር መሥራት ከባድ አይደለም። ለሕማማቱ ብቻ ነው፣ ስድስት ቀን፤ ከፋሲካ በኋላ አጠፋዋለሁ። ላፕቶፑን ከፈትኩ። መጀመሪያ እምቢ አለኝ፣ ለመንኩት፣ ቅድም ደግሞ ለሙከራ ስልኬን አስጮኸው። ብቻዬን ሳቅሁ።

ሚስቴ ቁርስ ቀርቧል ብላ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ ነበር አለችኝ ልጄ። አልሰማኋትም።